የሰው ምሳ

«ጌም ጊዜ ማጥፊያ እንጂ ምን ሥነ ጽሑፍ አለው?» ለምትሉ ጓደኞቼ አንድ ነገር ልበላችሁ፡፡ ተጫዋቹ ራሱ ባለታሪኩን ሆኖ ከሚገባባቸው፣ እኔም ለዓመታት ከተጫወትኳቸው የድሮ የጃፓን ቪዲዮ ጌሞች ሁለቱን እናስተያይ፡፡

እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የዩጂ ሆሪ «ድራጎን ኩዌስት» መጨረሻው ላይ ጠላትየው «የዓለምን እኩሌታ ልስጥህ፤ ከእኔ ጋር ሁን» ይላል፡፡ እሺ ያለ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል፡፡ ጥያቄው ደግ ነው፤ ግን ወጥመድነቱ ከሩቅ ይታያል፡፡ ማን ይታለላል?

ሆሪ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው «ክሮኖ ትሪገር» ውስጥም እጁ አለበት፡፡ እዚህ ግን ማንም አይጠይቅህም፡፡ በዓል ላይ ስትዞር የሰው ምሳ ጠረጴዛ ላይ ታያለህ፤ ትበላዋለህ፤ ትረሳዋለህ፡፡ በኋላ ፍርድ ቤት ስትቆም ያቺ ምሳ ክስ ሆና ትመጣለች! እኔ በልቼ ነበር፡፡ ለካስ ጀግና ነኝ ስል የኖርኩት ሰው እያየኝ ሲመስለኝ ብቻ ኖሯል፡፡

ጉድለትም አለው፡፡ ነጻ ብትባልም ቢፈረድብህም ወኅኒ መውረድህ አይቀርም፤ ታሪኩ በተቀደደለት ቦይ ይፈሳል፡፡ «ታዲያ ምርጫው ምን ረባ?» የሚል አይጠፋም፡፡ እኔ ግን ታሪኩ ባይለወጥም ተጫዋቹ ይለወጣል እላለሁ፡፡ በእነዚህ ጌሞች የሰው ቤት ገብቶ ሣጥን መበርበር ልማድ ነው፡፡ ከዚያ ችሎት ወዲህ ግን ሣጥን በከፈትኩ ቁጥር እጄ ይከብደኛል፡፡

እንዲህ የሚያደርግ ድርሰት ጊዜ ማጥፊያ ነው እንዴ?