«ደጉ ሳምራዊ» ላምበረት ቢደርስ

የቫቲካን የእምነት አስተምህሮ ጉባኤ «ሳማሪታኑስ ቦኑስ»፣ ማለትም «ደጉ ሳምራዊ» የተሰኘውን ደብዳቤ ይፋ ያደረገው መስከረም 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ሰሞን እዚሁ አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮቪድ ሕሙማን ተለይቶ፣ አስታማሚ እንደ ልቡ የማይገባበት ግቢ ሆኖ ነበር። ደብዳቤው ደግሞ አብዝቶ የሚጨነቀው ስለ አስታማሚ ነው። ሕመሙ አይድንም ማለት እንክብካቤው አበቃ ማለት አይደለም ይላል፤ ከመስቀሉ ሥር የቆመችውን ማርያምን አንሥቶ፣ ምንም ማድረግ በማይቻልበት ሰዓት አጠገቡ መገኘት ራሱ ትልቅ ሥራ መሆኑን ያሳያል። ከጽሑፉ ሁሉ ይህ ክፍል ይበልጥብኛል። የወሎ እናት ግን ሮም ሳትነግራትም ታውቀዋለች።

ቅሬታዬ ደብዳቤው ማሽን ለሞላበት ክፍል የተጻፈ መሆኑ ነው። ኔዘርላንድና ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2002፣ ካናዳ በ2016 ሕመምተኛ በሐኪም እርዳታ እንዲሞት ፈቅደዋል፤ ጉባኤው ለእነሱ ሲመልስ ድምፁ ይጠነክራል፣ ገጹም ይበዛል። እኛ ዘንድ ሕጉ አይፈቅድም፣ ጠያቂውም እምብዛም ነው። ማለዳ ላምበረት መናኸሪያ የቆመ ሰው የሚያየው ሌላ ጣጣ ነው። «ሪፈር» ተብሎ ከሰሜን ሸዋ የመጣ አባት የራጅ ፖስታውን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ልጁ በብብቱ ደግፎት ከአውቶቡስ ይወርዳል። ወደ መገናኛ ዝቅ ሲባል የወጣት ፎቶ የተለጠፈባት መኪና በድምፅ ማጉያ «ወገን ድረሱለት» ትላለች። ኩላሊቱ ነው። እጥበቱ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው፤ ንቅለ ተከላ ካልተገኘ ማብቂያ የለውም። በሬው ተሸጧል፣ ዕቁቡ ተበልቷል፣ የእህቱ የአንገት ወርቅ ቀርቷል። እሱም ይሸጥ?

የካቶሊክ ትምህርት ለዚህ መልስ አለው፤ የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ኅዳር 24 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. ለማደንዘዣ ሐኪሞች ሲናገሩ፣ ሰው ሕይወቱን ለመጠበቅ ግዴታ ያለበት በተለመደው መንገድ እንጂ ከአቅም በላይ በሚከብደው እንዳልሆነ አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የዚሁ ጉባኤ መግለጫ «ዩራ ኤት ቦና» ደግሞ አንድ እርምጃ ሄደ፦ በቤተሰቡ ወይም በማኅበረሰቡ ላይ ከመጠን ያለፈ ወጪ ላለመጫን ብሎ ሕክምናን መተው ራስን ማጥፋት አይደለም አለ። በድህነት ተጨንቆ አባቱን ወደ ቤት ለሚመልስ ልጅ ይህ ዐረፍተ ነገር ምን ያህል ሸክም እንደሚያወርድለት አስቡት! «ደጉ ሳምራዊ» ስለማይመጣጠን፣ ማለትም ሸክሙ ከጥቅሙ ስለሚበልጥ ሕክምና ሲያስተምር ይህ የወጪ ነገር ጎልቶ አይታይም። ወንጌሉ ውስጥ ያለው ሳምራዊ ግን ለእንግዳ ማረፊያው ሁለት ዲናር ቆጥሮ ከፍሏል፤ የጎደለውንም ስመለስ እሞላለሁ ብሏል። ስሙን የወሰደ ጽሑፍ ሒሳቡን መርሳት አልነበረበትም።

የ1980ውን አንቀጽ አጣምሞ የሚያነብ መንግሥት «ድሃው ይተወው» ሊል ይችላል የሚል ስጋት ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን በሽተኛው በነጻነት የሚተወውና የገንዘብ እጦት የነጠቀው አንድ አይደሉም፤ ደብዳቤው ይህን ልዩነት ቢያብራራልን ከካናዳ ሕግ ይልቅ ይጠቅመን ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ሆኖም አምስተኛው ምዕራፍ ስለ ማስታገሻ የሚለውን የየትኛውም እምነት ሐኪም ቢያነበው አይጎዳውም። ሕመሙን ለማስታገስ ንቃቱን የሚያደበዝዝ መድኃኒት መስጠት ይፈቀዳል፤ ሆን ብሎ መግደል ግን አይፈቀድም። ቅድመ ሁኔታው፣ በተቻለ መጠን፣ የበሽተኛው ፈቃድ ነው። እዚህ ግን ሐኪሙ ውጤቱን የሚነግረው ኮሪደር ላይ ለታላቅ ልጅ ነው፤ ልጁም «እባክዎ ዶክተር፣ ለእሷ እንዳይነግሯት» ይላል። እናት ጨጓራዬ ነው እያለች ትሰነብታለች። ሞርፊን ልትጀምር ስትል ፈቃዷን ማን ይጠይቃት? ምሥጢረ ቀንዲል የሚፈጽምላት ቄስስ የመጣው ለምን እንደሆነ ምን ብሎ ይንገራት? ደብዳቤው በሽተኛው ሁሉን ያውቃል ብሎ ስለሚነሣ እዚህ ኮሪደር ላይ አይደርስም።