ሰሙ የተውሶ፥ ወርቁ የራስ

ወዳጆች በጥቂት ገንዘብ ስለሚሠሯቸው ፊልሞች የቀረበ አስተያየት

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት፥ ሰው በተዋሰው ጌጥ እንዳይመካ የሚገሥጽ ቃል ነው። ይህንኑ ተግሣጽ ብዙ ሰዎች በአንድ ዓይነት የሲኒማ ሥራ ላይ ሲያውሉት እንሰማለን። ሥራውም ይህ ነው፤ የአንድ ዕውቅ ፊልም ወይም የአንድ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ፍቅር ያደረባቸው ሰዎች፥ ያንኑ የወደዱትን ታሪክ ተውሰው፥ ከኪሳቸው በሚወጣ ጥቂት ገንዘብ አጭር ፊልም ይሠራሉ፤ የሠሩትንም እንደ እነርሱ ያሉ ወዳጆች በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ያሳያሉ። ነቃፊዎቹ «ልብሱ የሌላ፥ ታሪኩም የሌላ፤ ታዲያ የሠሪው ድርሻ ወዴት አለ?» ይላሉ። ጥያቄው ከንቱ ጥያቄ አይደለም። ነገር ግን ሥራዎቹን አንድ በአንድ ሳይመረምሩ መፍረድ አይገባምና፥ በዚህ ገጽ አምስቱን አቅርበን እንመዝናለን። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ከእንዲህ ያሉ ጉባኤዎች ሁሉ ስሙ የገነነው፥ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ ከተማ የሚደረገው ኮሚክ ኮን የተባለው ነው። በ1970 ሲጀመር የሥዕል ታሪክ መጽሔት የሚያነቡና የሚሰበስቡ ጥቂት መቶ ሰዎች በአንድ ሆቴል ተገናኙ፤ ዛሬ ግን ከ100,000 የሚበልጥ ሕዝብ ይጐርፍበታል። ታላላቆቹ ኩባንያዎች በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሠሩትን ፊልም ለማስታወቅ ይመጡበታል። በዚያው ጉባኤ ውስጥ ደግሞ ከኩባንያ ያልተጠጉ ሠሪዎች የሚወዳደሩበት የፊልም በዓል ተቋቁሟል፤ ጀብዱው፥ አስፈሪው ታሪክ፥ ቀልድና ፌዙ፥ የሳይንስ ልብ ወለዱ እየተባለ በየወገኑ ተለይቶ ይዳኛል። ባለጸጋውና ድኻው በአንድ ጉባኤ ስለሚታዩ፥ አንዱን ከሌላው ማነጻጸር ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፥ ገንዘብ ያነሰው ሠሪ ስለ ምን የሌላውን ታሪክ እንደሚዋስ ነው። ፍቅር አንዱ ምክንያት ነው፤ ሁለተኛውን ምክንያት ግን የሥራው ጠባይ ያመጣዋል። ፊልሙ 10 ደቂቃ ብቻ ቢሆን፥ ሠሪው አዲስ ዓለም ፈጥሮ፥ ሰዎቹን አስተዋውቆ፥ ወደ ነገሩ እስኪገባ ድረስ ጊዜው ያልቅበታል። ተመልካቹ የሚያውቀውን ታሪክ ሲይዝ ግን መግቢያው አስቀድሞ ተነግሮለታል፤ አንድ የራስ ቍር ብቻ ቢያሳይ የቀረውን ተመልካቹ ከልቡ ይሞላዋል። ይህ ነገር ለቅኔ ሰው እንግዳ አይደለም። በጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ውስጥ አዲስ ታሪክ ለመተረክ ቦታ የለም፤ ሰሙም ሰሚው የሚያውቀው ካልሆነ ወርቁ አይገለጥለትም። ባለቅኔው ግን የሚመሰገነው ሰሙን ስላወቀ ሳይሆን፥ ከሥሩ ያኖረው ወርቅ የራሱ ስለሆነ ነው። ትላንት የተነገረውን ዛሬ የሚደግም ተማሪ በቃሉ ያዘ ይባላል እንጂ ተቀኘ አይባልም። እንግዲህ ሚዛናችን ይህ ይሁን፤ ሰሙ የተውሶ ቢሆን አንነቅፍም፥ ወርቁ የማን እንደሆነ ግን እንጠይቃለን።

መጀመሪያ የምናነሣው ኧርኒ ፎሲሊየስ በ1978 ያወጣውን «ሃርድዌር ዎርስ»ን ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጆርጅ ሉካስ «ስታር ዎርስ» የተባለውን የጠፈር ጦርነት ታሪክ 11 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ አሳይቶ ነበር። ፎሲሊየስ የነበረው 8,000 ዶላር ነው፤ ፊልሙም 13 ደቂቃ ነው። በሰማይ የሚበር መርከብ የሚሠራበት ገንዘብ ስላልነበረው፥ የልብስ ካውያና የዳቦ መጥበሻ አበረረ፤ ሮቦቱን በቤት መጥረጊያ ማሽን ተካው፤ የምትጠፋውን ዓለም የቅርጫት ኳስ አደረጋት። ድኽነቱንም ሊሸሽግ አልሞከረም። ፊልሙ የተዘጋጀው ገና ለሚመጣ ታላቅ ትርኢት እንደሚነገር ማስታወቂያ ሆኖ ነውና፥ ድምፀ መልካም ተናጋሪ ካውያውን በታላቅ ግርማ ያውጃል። እዚህ ላይ ወርቁ ይገኛል፤ ተመልካቹ በካውያው እየሳቀ ሳለ፥ በታላቁ ፊልም ላይ ያደነቀው ነገር እኩሌታው ከዜማውና ከአዋጁ የመጣ እንደነበረ ይረዳል። ሉካስም ራሱ ይህን ፌዝ እንደወደደው ተናግሯል።

ሁለተኛው በ1997 በጁላይ ወር በሳን ዲዬጎው ጉባኤ የታየው የኬቪን ሩቢዮ «ትሩፕስ» ነው። ርዝመቱ 10 ደቂቃ ያህል ነው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ካሜራ ይዞ ፖሊሶችን እየተከተለ የዕለት ሥራቸውን የሚያሳይ «ኮፕስ» የተባለ ዝግጅት ነበር። ሩቢዮ ያንን አቀራረብ ወስዶ በ«ስታር ዎርስ» ላሉት ነጭ ጥሩር ለባሽ ወታደሮች ሰጣቸው። በመጀመሪያው ፊልም ወጣቱ ጀግና ወደ ቤቱ ሲመለስ ያሳደጉት አጎቱና የአጎቱ ሚስት ተቃጥለው ያገኛቸዋል፤ ወታደሮቹ እንደገደሏቸውም ሰው ሁሉ ያውቃል። በሩቢዮ ፊልም ግን ወታደሮቹ የመጡት ባልና ሚስት ተጣልተው ሊያስታርቁ ነው፤ ጥፋቱም ከቤቱ ጠብ የመጣ ሆኖ ይታያል።

ሳቁ ካለፈ በኋላ በልብ የሚቀረው ነገር ይህ ነው፤ ካሜራው የተከተለው ሰው ጻድቅ ሆኖ ይታያል። የጨካኝ መንግሥት ወታደር እንኳ፥ ታሪኩን የሚናገረው እርሱ ከሆነ፥ ሥራ ያደከመው ትዕግሥተኛ ጠባቂ ይመስላል። ሩቢዮ ይህን ያለው አንድም ቃል ሳይሰብክ ነው። ሰሙ ሁለት ጊዜ የተውሶ ነው፥ ከፊልሙም ከቴሌቪዥኑም፤ ወርቁ ግን ከሁለቱም ውስጥ የለም። ስለዚህ ከአምስቱ ሥራዎች ይህን እናስቀድማለን።

ሦስተኛው በ2003 በዚያው በሳን ዲዬጎ የታየው የሳንዲ ኮሎራ «ባትማን፦ ዴድ ኤንድ» ነው። 8 ደቂቃ የሚሆን ሲሆን 30,000 ዶላር ያህል ወጥቶበታል። ዝናም በሚወርድበት ጨለማ መንገድ ባትማን ጠላቱን ጆከርን ያሳድዳል፤ ከዚያም ከሌሎች ፊልሞች የመጡ «ኤሊየን»ና «ፕሬዴተር» የተባሉ አስፈሪ ፍጡራን ብቅ ይላሉ። የእጅ ሥራው በእውነት የሚያስመሰግን ነው። ታላላቆቹ ኩባንያዎች በዚያ ዘመን ባትማንን የጎማ ጥሩር ሲያለብሱት፥ ኮሎራ በመጽሔቱ እንደተሣለው ተራ ጨርቅ አለበሰው፤ ብርሃኑና ዝናሙም በብዙ ሚሊዮን ከተሠራ ፊልም የሚያንሱ አይደሉም።

ነገር ግን «ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ተባለ?» ብለን ብንጠይቅ መልስ አናገኝም። አንዱ ፍጡር ሲገባ ተመልካቹ ያጨበጭባል፥ ሁለተኛው ሲገባ ደግሞ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው ግን ለመታወቃቸው እንጂ ለሠሩት ሥራ አይደለም። ሦስት ታሪኮች በአንድ መንገድ ላይ ተገናኙ፥ እርስ በርሳቸው ግን አልተነጋገሩም። ይህ ሰም በሰም ላይ ማፍሰስ ነው። ብዙ ጐልማሶች የዚህን ፊልም መንገድ ተከትለው ገንዘባቸውን ሁሉ በልብስና በብርሃን ላይ ስለሚያፈሱ፥ ነቀፌታውን ልናለዝበው አልወደድንም።

አራተኛው ሥራ አጭር ፊልም አይደለም፤ ሆኖም ሚዛናችንን የሚፈትን ስለሆነ ልናልፈው አልቻልንም። በ1981 ስቲቨን ስፒልበርግ «ሬይደርስ ኦቭ ዘ ሎስት አርክ» የተባለውን ፊልም አወጣ። በሚሲሲፒ አገር በኦሽን ስፕሪንግስ የሚኖሩ ኤሪክ ዛላ፥ ክሪስ ስትሮምፖሎስና ጄሰን ላም የተባሉ ልጆች ያንን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፥ እያንዳንዱን ትርኢት እንዳለ ለመገልበጥ ቈረጡ። በ1982 ጀምረው እስከ 1989 ድረስ፥ ሰባት ዓመት በትምህርት ዕረፍታቸው ሠሩት። ዝንጀሮ በሚያስፈልግበት ቦታ ቡችላ አገቡ፤ የሚነድደውን ቤት በቤታቸው ምድር ቤት አነደዱ። ሥራው ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በ2002 መጨረሻ፥ በቴክሳስ በኦስቲን ከተማ የፊልም ወዳጆች ሌሊቱን ሙሉ በሚያመሹበት ጉባኤ ታየ፤ ተሰብሳቢውም በታላቅ ደስታ ተቀበለው። ያልሠሩት አንድ ትርኢት የአውሮፕላኑ ጠብ ብቻ ነበር፤ እርሱንም በ2014 ጎልማሶች ሆነው ሠሩት።

አሁን ተቃዋሚ ተነሥቶ «የተነገረውን የሚደግም አልተቀኘም ብለህ ነበር፤ እነዚህስ ከመድገም በቀር ምን አደረጉ?» ቢለን መልሳችን ይህ ነው። ልጆቹ ትርኢቶቹን የሠሩት በታሪኩ ተራ አይደለም፤ ስለዚህ ጀግናው በአንዱ ትርኢት ጢም ያላበቀለ ሕፃን፥ በሚቀጥለው ጐልማሳ፥ በሦስተኛው ተመልሶ ሕፃን ሆኖ ይታያል፤ ድምፁም ይወፍራል፥ ደግሞም ይቀጥናል። ተመልካቹ የሚያየው የስፒልበርግን ታሪክ ሳይሆን፥ ሦስት ልጆች ለአንድ ነገር ታምነው ሲያድጉ ነው። ወርቁን ያኖረው ጊዜ ነው፥ እነርሱም አላሰቡትም። ስለዚህ ሥራው የተወደደ ነው፥ አብነት ግን አይሆንም፤ ማንም ሰው ይህን አይቶ «እኔም ልገልብጥ» ቢል፥ ግልባጩን ያገኛል እንጂ ልጅነቱን አያገኝም።

አምስተኛው ሥራ ነገሩን ከጥበብ ወደ ፍርድ ቤት ያሻግረዋል። በ2014 በጁላይ ወር «ፕሪሉድ ቱ አክሳናር» የተባለ የ21 ደቂቃ ያህል ፊልም በሳን ዲዬጎ ታየ፤ ሰሙ በ1966 በቴሌቪዥን የጀመረው «ስታር ትሬክ» ነው። ሠሪዎቹ 100,000 ዶላር ያህል ከወዳጆች መዋጮ ሰበሰቡ። አቀራረቡ ብልህነት ያለበት ነው፤ የጦር አዛዦቹን አስቀምጦ ስላለፈው ጦርነት እንደ ታሪክ ምስክር ያናግራቸዋል። ጦርነትን ማሳየት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ጦርነትን ያየ ሰው ፊት ማሳየት ግን ጥሩ ተዋናይና ጥሩ ንግግር ይበቃዋል። ከዚህ በኋላ ረዥሙን ፊልም እንሠራለን ብለው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሕዝብ ሰበሰቡ። ባለመብቶቹ ሲ.ቢ.ኤስ.ና ፓራማውንት በ2015 መጨረሻ ከሰሷቸው፤ በ2016ም ለወዳጆች ፊልም ሁሉ ደንብ አወጡ። ደንቡም አንድ ታሪክ ከ15 ደቂቃ፥ በሁለት ክፍል ቢሆን ሁለቱ በጠቅላላው ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ፥ መዋጮውም ከ50,000 ዶላር እንዳያልፍ፥ ሠሪዎቹም ደመወዝ እንዳይቀበሉ ያዝዛል። ክሱ በ2017 በጃንዋሪ በስምምነት አለቀ።

በዚህ ክርክር ባለመብቱ ቤቱን ስለ ጠበቀ አይፈረድበትም፤ በሌላው ስም 1 ሚሊዮን ዶላር መሰብሰብ ተውሶ መባሉ ቀርቶ ወደ ንግድ ይቀርባልና። ነገር ግን ደንቡ ያሰረው ያንን አንድ ሥራ ብቻ አይደለም፤ እንደ ቴሌቪዥኑ ዝግጅት ርዝመት ያለው ሥራ ያለ ትርፍ ሲሠሩ የነበሩትንም አብሮ አሰረ። የሉካስ ኩባንያ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። በ2002 ለወዳጆች ፊልም ሽልማት አቆመ፤ በመጀመሪያ የተቀበለው ፌዝንና ዘጋቢ ፊልምን ብቻ ሲሆን፥ በ2007 በታሪኩ ላይ ልብ ወለድ የሚጨምሩትንም ተቀበለ። የሚያበድር ሰው ልክ ማበጀቱ ተገቢ ነው፤ የተበደረው ሰው ከወደደው የተነሣ እንደተበደረ መርሳት ግን ለባለቤቱም አይበጀውም፤ ወዳጅ የሌለው ታሪክ ቶሎ ይረሳልና።

እንግዲህ ለሠሪው የምንመክረው ይህ ነው። ካሜራ ከመከራየትህ በፊት፥ ከጽሑፍህ ላይ የራስ ቍሩንና ካባውን አውልቀህ የቀረውን ተመልከት። ምንም ካልቀረ ገንዘብህን አታውጣ። የሚቀር ነገር ካለ ግን በካውያም ቢሆን ሥራው፤ ያ የቀረው ነገር አንድ ቀን ያለ ተውሶ ለመቆም ያበቃሃል። በየጉባኤው ለሚዳኙትም የምንለው አለን፤ ባለታሪኩ ሲገባ የሚሰማውን ጭብጨባ አትመዝኑ፥ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ተመልካቹ ይዞት የሚወጣውን ነገር መዝኑ እንጂ።

የሰው ወርቅ እንዳያደምቅ ተረቱ እውነት ተናግሯል። አንጥረኛው ግን አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ ወርቁ ሲፈስስ ሰሙ ቀልጦ ይሄዳል። ሰሙን ከየት እንዳመጣው የሚጠይቀው የለም፤ ጌጡ ሲወጣ ግን ወርቁ የማን እንደሆነ ይጠየቃል።