ቀስቃሹ ማን ነው? ስለ «የኢመዋቲነት ተስፋ» የቀረበ ሂስ



ባለፈው ዕትም በገባነው ቃል መሠረት የንባብ ክበባችን ለአምስት ሳምንት ማታ ማታ ሲያነበው በከረመው መጽሐፍ ላይ ሂሳችንን እናቀርባለን። መጽሐፉ አሜሪካዊው ሮበርት ኤቲንገር በ1962 በራሱ ገንዘብ አባዝቶ ያሰራጨው፣ በ1964 ደግሞ አንድ ትልቅ አሳታሚ ያሳተመለት «የኢመዋቲነት ተስፋ» ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የአማርኛ ትርጉም ስላላገኘን ከመምህራን ጓደኞቻችን አንዱ ከእንግሊዝኛው እያየ በአማርኛ ይነግረን ነበር። ስለዚህ ስለ ደራሲው የቋንቋ አጠቃቀም ለመፍረድ አንደፍርም፤ የምንመረምረው ሐሳቡን ነው።

የመጽሐፉ ጭብጥ ባጭሩ ይህ ነው። ሰው እንደ ሞተ ወዲያው በብርቱ ቅዝቃዜ ቢቀመጥ ሬሳው አይበሰብስም፤ መቶም ሁለት መቶም ዓመት ሊቆይ ይችላል። በዚያን ዘመን የሚኖረው ሕክምና የገደለውን በሽታ ብቻ ሳይሆን ቅዝቃዜው ራሱ ያደረሰውን ጉዳት ጭምር ይጠግናል፤ ሰውየውም ይነሣል። እንግዲህ በደራሲው ዓይን ዛሬ መቅበር ማለት ለነገው ሐኪም ሊደርስ የሚችለውን በሽተኛ ማጥፋት ነው። ይህ ሥራ ኋላ «ክራዮኒክስ» ተባለ። ሬሳው የሚቀመጠው እንደ ትልቅ ቴርሞስ በተሠራ በርሜል፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ፣ ራሱን ወደ ታች ተዘቅዝቆ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ተቋሞች ሬሳ አይሉትም፤ «ታካሚ» ይሉታል።

ይህን ያነበብነው ፀሐይ ጠልቃም የቆርቆሮው ጣሪያ በማይበርድበት፣ በረዶ የሚባል ነገር ከክሊኒኩ የክትባት ማቀዝቀዣ ውጭ በማይታይበት ካምፕ መሆኑን አንባቢ ያውቀዋል። በመጀመሪያው ምሽት ንባቡ በሳቅ ሦስት ጊዜ ተቋርጧል።

ይሁን እንጂ ደራሲው ቀልደኛም አጭበርባሪም አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እግሮቹ ክፉኛ ቆስለው ዓመታት ሆስፒታል የተኛ፣ በአጥንት ንቅለ ተከላ እግሮቹ የተረፉለት፣ በኋላም በሚሺጋን ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነው። ትናንት ይቆረጥ የነበረ እግር ዛሬ ሲድን በገዛ ገላው ያየ ሰው፣ ዛሬ የማይድነው ነገ ይድናል ቢል አይፈረድበትም። ሳይንሱም በቆመበት አልቆመም። የሰው ፅንስ ቀዝቅዞ ቆይቶ ልጅ ሆኖ መወለዱ ዛሬ የተለመደ ሕክምና ነው። በሰሜን አሜሪካ ክረምቱን እንደ በረዶ ረግታ ከርማ፣ ሙቀቱ ሲመጣ የምትዘል እንቁራሪት አለች። በ2023 የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአይጥ ኩላሊት እጅግ አቀዝቅዘው ካቆዩ በኋላ መልሰው አሙቀው በሌሎች አይጦች ላይ ተክለውት ሠርቷል። ከዚህ አልፎ ግን ሰው ቀርቶ አንድ ሙሉ ውሻ ከዚያ በርሜል ወጥቶ የተነሣ የለም። በሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ የሚሠራው የበረዶ ስለት ሥጋን ከውስጥ ይቀዳዋል። ይህን ለመከላከል ዛሬ ደሙን አውጥተው ሌላ ፈሳሽ ይሞላሉ፤ ፈሳሹም በበኩሉ መርዝነት አለው። የሳይንሱን ነገር እዚህ ላይ እንተወው።

የመጀመሪያው ነቀፌታችን ስለ ጠባቂው ነው። ናይትሮጂን ይተናል፤ በየጊዜው የሚሞላው ሰው ይፈልጋል። በሎስ አንጀለስ ከተማ በቻትስዎርዝ መካነ መቃብር አንድ ማኅበር ከመሬት በታች ክፍል አሠርቶ ሬሳዎችን አስቀምጦ ነበር። የማኅበሩ መሪ ቀድሞ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር። ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ መክፈል አቆሙ፤ ናይትሮጂኑ አለቀ፤ ዘጠኝ ሬሳዎች መበስበሳቸው በ1979 ታወቀ። ከመካከላቸው አንዲት ሕፃን ነበረች። በአንጻሩ በጥር 1967 በ73 ዓመቱ በካንሰር የሞተው የሥነ ልቦና መምህር ጄምስ ቤድፎርድ፣ ከሁሉ በፊት የቀዘቀዘው ሰው፣ እስከ ዛሬ እንደቀዘቀዘ አለ። እስከ 1982 ድረስ ቤተሰቡ ከቦታ ቦታ እያዘዋወረ፣ በፍርድ ቤትም ገንዘቡን እየጨረሰ ጠብቆታል። ሁለቱን ታሪኮች የሚለያያቸው ዘመድ ነው። ስሙ በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ሳለ የሚጠይቅለት ሰው ያጣ ፋይል ምን እንደሚሆን ለአንባቢያችን ማስረዳት አያሻንም።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ከዚህ ይብሳል። ደራሲው ስለ ሕግ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ገንዘብ በሰፊው ይከራከራል። የተቀመጠ ገንዘብ ወለድ እየወለደ ተነሺውን ሀብታም አድርጎ እንደሚጠብቀው ሳይቀር ያሰላል። ተነሺውን ማን ቀስቅሶ «ደህና አደርክ» እንደሚለው ግን የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ጥንታውያን መጻሕፍት ይህን አልዘነጉትም። በተረፈ ባሮክ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ለቅሞ ሲመለስ ዛፍ ጥላ ሥር ሸለብ አደረገውና 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ በቅርጫቱ ያለው በለስ አልደረቀም፤ ፈሳሹ ገና ይንጠባጠባል። ገላውም እንዳለ ነው። ኤቲንገር የሚመኘው ሁሉ ተሟልቶለታል ማለት ነው። ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ ግን ቤቱንም አጣው፣ ዘመዶቹንም አጣቸው፤ መንገድ የሳተ መስሎት ከከተማው ተመልሶ ወጣ። ሕዝቡ ወደ ባቢሎን መማረኩን የነገረው ከእርሻ የመጣ አንድ ሽማግሌ ነው። ጸሐፊው እንቅልፉን ባጭሩ አልፎ የቆየው በዚህ ግራ መጋባትና በሽማግሌው ቃል ላይ ነው፤ ሚዛኑን የጠበቀ ጸሐፊ እንለዋለን። ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም የታወቀው የዋሻው ሰዎች ታሪክም እንዲሁ ነው። ከእንቅልፉ ተነሥቶ ምግብ ሊገዛ ከተማ የገባውን ሰው እንግዳነቱን ያጋለጠበት የያዘው የድሮ ገንዘብ ነው። ኤቲንገር በወለድ ከመተማመኑ በፊት ይህን ቢያነብ ኖሮ ጥሩ ነበር።

ሰነድ የሌለው፣ ንግግሩ የማይሰማለት፣ ሙያው የተሻረበት፣ የሚያውቀው ሰው በአካባቢው የሌለ መጤ! ደራሲው ይህን ሰው እንደ አዲስ ፍጡር፣ እንደ ዕድለኛ አድርጎ ይስለዋል። እኛ ግን በየማለዳው ከውሃ ቧንቧው ሰልፍ ላይ እናገኘዋለን።

ስለ እንስሳት ጥቂት እንበል። እነዚህ ተቋሞች ዛሬ ውሻና ድመትም ያቀዘቅዛሉ። ለሰው የሚጠየቀው ዋጋ በአንዱ 28,000 ዶላር፣ በሌላው ከ200,000 ዶላር በላይ ነው፤ ለእንስሳው ዋጋው ያንሳል። ይህ ሲነበብ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ቀጥሎም ቁጣ መጣ። ራሽን በሚቀነስበት ዘመን የሞተ ድመት በዶላር የሚያስጠብቅ ሰው መኖሩ ቢያስቆጣ ቁጣው ተገቢ ነው እንላለን። ከሳቁም ከቁጣውም የተለዩት ሻይ የሚያፈሉልን እናታችን ብቻ ነበሩ። «ስወጣ ውሻዬ እስከ ወንዙ ድረስ ተከትሎኝ ነበር። ተሻግሬ ዞር ስል ቆሞ ያየኛል። ብችል ይዤው እመጣ ነበር። እኒያስ ሰዎች ከዚህ ሌላ ምን አደረጉ?» አሉ። ለጊዜው መልስ የሰጣቸው የለም። ኋላ ስናስበው ውሻውን ይዞ የሚተኛ ሰው ብቻውን መነሣትን የፈራ ሰው ነው። ይህን ፍርሃት ከመጽሐፉ ውስጥ ፈልገን አጣነው።

በደራሲው ሕይወት ውስጥ ግን አገኘነው። ኤቲንገር በ1976 በሚሺጋን ክራዮኒክስ ኢንስቲትዩት የተባለውን ተቋም ከመሠረቱት አንዱ ነው። በ1977 ተቋሙ የተቀበላት የመጀመሪያዋ ሟች የራሱ እናት ናት። በ1987 የመጀመሪያ ሚስቱ፣ በ2000 ሁለተኛዋ ተከተሉ። እሱም በ2011 በ92 ዓመቱ ሞቶ ከነሱ ዘንድ ተቀመጠ። በመጽሐፉ ወለድ ሲያሰላ የነበረው ሰው ሞት በእናቱ ሲመጣበት ልጅ ሆኖ ተገኘ። የጎደለውን ምዕራፍ ከ15 ዓመት በኋላ በዚህ ጻፈው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በመጨረሻው ምሽት ክርክሩ ጠነከረ። አንዱ ወገን የሞተ ሰው ለአፈር ይገባዋል፣ ይህ ሁሉ የጠገበ ሰው ቅብጠት ነው አለ። ሌላው ወገን ደግሞ ኤቲንገር ሞትን እሺ አለማለቱ ብቻውን ክብር ይገባዋል፤ እኛ እዚህ ሰው በተቅማጥ ሲሞት እንኳ «ቀኑ ደርሶ ነው» ማለትን ለምደናል፣ አለ። ይህ ቃል ብዙዎቻችንን አሳፍሮናል፤ መጽሐፉንም ከመጣል ያዳነው ይኸው ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የቆየ አንድ ጓደኛችን ተናገረ። እናቱ ባለፈው ክረምት አገር ቤት አርፈዋል፤ መርዶው በስልክ የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነው። «እኔ ሁለት መቶ ዓመት አልጠይቅም። እስክደርስ ሦስት ቀን ቢያቆዩልኝ ይበቃኝ ነበር» አለ። «ሦስት ቀን ቢያቆዩልህስ በየትኛው ወረቀት ድንበሩን ታልፋለህ?» ብሎ የጠየቀው ከመካከላችን አንዱ ነው። ጥያቄው የጭካኔ አልነበረም፤ እውነት ስለሆነ ግን ከበደ። ፋኖሱን ያጠፋነው በዚያው ነው።

መጽሐፉ ይነበብ እንላለን። ቅጂው በመምህሩ ስልክ ውስጥ ስለሆነ የሚፈልግ ሰው ስልኩ ቻርጅ ባለው ቀን፣ ይኸውም ማክሰኞና ዓርብ ማታ፣ ወደ ክበቡ ይምጣ። ሂሳችንን የሚቃወም ጽሑፉን እስከ ወሩ መጨረሻ ለክበቡ ጸሐፊ ያድርስ፤ ወረቀት ስላነሰን በሁለቱም ገጽ ይጻፍልን።