ከክትፎ እስከ ከተፎ

መስከረም 17 ሲቃረብ በጉራጌ፣ እዣ ወረዳ ወዳለችው አገና የሚገባው መኪና ሁሉ ሰው ጢም ብሎበት ይመጣል። ለመስቀል አገሩ ያልገባ የእዣ ልጅ በዓል ያከበረ አይመስለውም። የዚያን ሰሞን የጓዳ ሥራ አንድ ግስ ይገልጸዋል፦ ከተፈ።

ይህን ግስ እወደዋለሁ። ጅማቱና ስቡ ተለቅሞ የወጣለት ቀይ ሥጋ መክተፊያው ላይ ይዘረጋል፤ ቢላዋው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እየተመላለሰ ያደቀዋል። ተነጥሮ የቀለጠ ቅቤና ሚጥሚጣ ሲገባለት ክትፎ ይሆንና በጣባ ይቀርባል፤ አይቡና ጎመኑ አብረው፣ ቆጮው ከጎን። ጥሬውን የማይደፍር «ለብለብ ይሁንልኝ» ይላል።

ግሱ ሥጋ ላይ ብቻ አይቀርም። ሽንኩርትም ይከተፋል፣ ጎመንም። እጁ የፈጠነ፣ ሙያው የገባው ሰው ደግሞ ከተፎ ነው፤ ከተፎ ሹፌር፣ ከተፎ ልብስ ሰፊ እንላለን። አንዲት የጉራጌ እናት መክተፊያዋ ላይ አጎንብሳ ስትሠራ ያየ ሰው ሁለቱን ቃላት ለማዛመድ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ለዚህም ነው በማሽን የወጣውን ሥጋ ክትፎ ብሎ መጥራት የሚከብደኝ፤ እሱ ተፈጨ እንጂ አልተከተፈም።