አዝማሪው አልበም ሲያወጣ

አንድ ምሽት ካዛንቺስ ካሉት አዝማሪ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብዬ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ባለማሲንቆው ዞሮ ዞሮ ከፊቴ ሲደርስ «ተቀበል!» አልኩና ስንኝ ወረወርኩለት። ቤት የማትመታ፣ አንካሳ ስንኝ ነበረች። እሱ ግን አላሳፈረኝም። ጎደሎዋን ሞልቶ፣ ሰም ብቻ የነበረችውን ወርቅ ጨምሮላት መለሰልኝ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ለመሆኑ የዚያች ስንኝ ገጣሚ ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ እሱ? አዝማሪ አልበም ሊያሳትም በተነሳ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል። አዝማሪ ብቻውን አይገጥምም፤ ግማሹን ግጥም የሚሰጠው ፊቱ የተቀመጠው ሰው ነው። አልበም ውስጥ ደግሞ «ተቀበል» የሚል የለም።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው ሌሊቱን ዘግቶት ኖሮ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሲነሳ የሰፈሩ አዝማሪ ቤቶች ደመቁ። ከእነዚህ አንዱ ፈንዲቃ ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ እዚያው እያደረ፣ ለሽልማት ብቻ እየጨፈረ ጀምሮ ኋላ ቤቱን ተረክቦ ስሙን ባሕር አሻገረው።

ታዲያ ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ድምፃዊ ስቱዲዮ ሲገባ ብዙ ጊዜ ምን ይሆናል? ኪቦርዱ ምቱን አስቀድሞ ይወስንበታል፤ ማሲንቆው በመግቢያው ላይ ትንሽ አልቅሶ ዝም ይላል፤ ግጥሙም ማንንም እንዳያስቀይም ተብሎ ስለማንም የማይናገር ይሆናል። አዝማሪው ተዋዝቶ የነገሥታትን ነውር ሲናገር የኖረ ሰው መሆኑ ይረሳል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳዩ ሥራዎች ግን አሉ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ውስጥ ሁለተኛው ቅጽ፣ «ተጫወት» የተሰኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነበሩትን የአዲስ አበባ አዝማሪዎች ያስደምጣል። ድምፃዊቷ እቴነሽ ዋሴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 «ዘራፍ»ን ከፈረንሳይ የሳክስፎንና የትራምፔት ቡድን ጋር አወጣች። በ2010 ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ማቲዩ ሱሪሶ ጋር «በሎ በሎ»ን፣ በ2018 ደግሞ «የኔ ዓለም»ን አስከተለች። እኔ «በሎ በሎ»ን አስበልጣለሁ። ያ ሻካራ ድምፅዋ እንዲሰበር፣ እንዲተነፍስ፣ እንደ እንጉርጉሮ እንዲጎተት ቦታ ተትቶለታል። ማንም አላስተካከለውም።

ቅሬታዬን ግን አልደብቅም። ከፊቷ የተቀመጠው አድማጭ አማርኛ አይሰማም። ድምፅዋን ያደንቃል፤ ወርቁ ግን ያመልጠዋል። ስንኝ ሊወረውርላት የሚችልም የለም። የራሷ ጥፋት አይደለም፤ አገር ቤት ያለን እኛ በራሷ መንገድ ለምትሠራ ዘፋኝ መቼ ደጃፋችንን ከፈትን?

አሁን ደግሞ ነገሩ ከበፊቱ ይከብዳል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ቤቶች በልማቱ ምክንያት ሲፈርሱ ፈንዲቃም ከነበረበት ወጣ። ሰዎቹ ተበተኑ። ሕንጻ ይሠራል፤ ምናልባትም ካለፈው ያማረ ይሆናል። ስንኝ ወርዋሪና ተቀባይ ጎን ለጎን የሚቀመጡባት ጠባብ ክፍል ግን በፕላን አትሠራም። እንግዲህ አልበሙ ከማስታወቂያ በላይ ኃላፊነት ወድቆበታል፤ የዚያች ክፍል ማደሪያ እሱ ሊሆን ነው።

ስለዚህ ያለ አሳታሚ፣ በራሱ ኪስ አዲስ አልበም ለሚሠራ ባለማሲንቆ የምለው አለኝ። ገንዘብ አነሰኝ ብለህ አትዘን፤ ኪቦርዱ ይቅርብህ። አንድ ክፍል ፈልግና ሃያ ሠላሳ ሰው ጥራ። አማርኛ የሚያውቁ፣ የሚቀልዱ፣ የሚያኮርፉም ይሁኑ። መቅረጫውን ክፈትና «ተቀበል» ይበሉህ። ሳቁም፣ የብርጭቆው ድምፅም፣ የሚሳሳተው ስንኝም ይግባ።

እኔንም ጥራኝ። አሁንም ቤት የማትመታ ስንኝ አላጣም።