ትእዛዝህ በየት በኩል ይሄዳል?

ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ስንጠጣ፣ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ያለ ኮሚሽን አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ደላላ በስልኬ ውስጥ ሳለ፣ እርስዎ ስለ ምን በየትእዛዙ እየከፈሉ ይነግዳሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ታላላቆቹ የአሜሪካ ደላሎች ተከታትለው ኮሚሽናቸውን ወደ ዜሮ ሲያወርዱ ሕዝቡ የጽድቅ ሥራ የጀመሩ መስሎት ነበር፤ ዳሩ ግን ከነጻዎቹ ብዙዎቹ የደንበኛውን ትእዛዝ ወደ አደባባዩ ገበያ ከማቅረብ ይልቅ ለጅምላ ተገበያይ ድርጅቶች አሳልፈው እየሰጡ፣ ዋጋቸውን ከእነዚያ ይቀበላሉ። የአዲስ አበባ የቤት ደላላ ከሻጭም ከገዢም ሲቀበል ሁለቱም እያዩት ነው፤ የዚህኛው ሁለተኛ እጅ ግን ከመጋረጃ በስተኋላ ነው። ከነጻዎቹ ደላሎች አንዱ የሆነው ሮቢንሁድም ይህን ገቢውን ለደንበኞቹ በግልጽ ባለመንገሩ ተከሶ በ2020 መጨረሻ 65 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

እስቲ ገዢ 20.10፣ ሻጭ 20.14 ዶላር የሚሉበትን አክሲዮን እንመልከት። 500 ለመግዛት ስፈልግ፣ ኮሚሽን በምከፍለው ደላላ በኩል ገበያውን ራሴ መርጬ በ20.11 ከሰልፉ ፊት እቆማለሁ፤ ብቸኩል በ20.14 እወስዳለሁ፤ ልዩነቱ 15 ዶላር ነው። በነጻው ደላላ ዘንድም 20.11 ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ትእዛዝህ ከደርዘን ከሚበልጡት ገበያዎች በየትኛው ሰልፍ እንደ ቆመ፣ ስትሰርዘውም ስረዛው መቼ እንደ ደረሰ በእጅህ ያለ ነገር አይደለም፤ የቀን ነጋዴ ደግሞ ከሚፈጸምለት ይልቅ የሚሰርዘው ይበዛል። መንገዱን ኮምፒውተሩ በብልሃት ይመርጥልሃል እያሉ የሚከራከሩኝ ወዳጆች አሉ፤ ብልሃቱን አልክድም፤ የሚያስበው ለእኔ ይሁን ለደላላው ግን እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም። ስለዚህ በ20.11 የምቆምበትን ሰልፍ ለመምረጥ ኮሚሽን መክፈሌን እንደ ኪሳራ አልቈጥረውም።

ይህ ንግድ ባለጸጋ አላደረገኝም፤ የልጆቼንም የትምህርት ክፍያ በሙሉ አልቻለልኝም። ነገር ግን በዚህ አገር ታክሲ ስነዳ በኖርኩበት ዘመን ወዴት እንደምሄድ ዘወትር የሚያዝዘኝ ሌላ ሰው ነበርና፣ ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል ገበያው ሲከፈት ቃሌን በወደድኩት ጎዳና ልኬ፣ ትርፉንም ጥፋቱንም በማንም ሳላመካኝ መቀበሌን ባለቤቴ ግትርነት ስትለው እኔ ክብር እለዋለሁ።

አንተም ደላላ የምትመርጥ ሆይ፣ ያለፉት 6 ወራት ትእዛዞችህ ወዴት እንደ ተላኩ አሁን የያዝከውን ደላላ ጠይቀው፤ 606 የተባለው ደንብ መልስ እንዲሰጥህ ያስገድደዋል። ወደ አዲሱ ደግሞ ገበያው በተከፈተ በመጀመሪያው ደቂቃ ስልክ ደውል፤ ሰው ካላነሣልህ ገንዘብህን አታስገባ።