ከኮከቡ በፊት መሣሪያውን

ሥራዬ ሥነ ፈለክ ነው ስል ሰው ሁሉ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በቴሌስኮፕ ሳጮልቅ ይታየዋል። የዶክትሬት ዓመታቴ ግን ያለቁት መስኮት በሌለው ምድር ቤት፣ ከብሎን መፍቻና ከቴርሞሜትር ጋር ነው። ትምህርቴ ስፔክትሮስኮፒ ነበር፤ የኮከብን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግቶ በመሐሉ የተሰመሩትን ጥቋቁር መስመሮች ማንበብ። እ.ኤ.አ. በ1814 ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከ500 በላይ መስመሮችን የቆጠረው ፍራውንሆፈርም ሙያው መስታወት ሥራ ነበር፤ የሌንሱን መስታወት ጠባይ በትክክል ለመለካት እንጂ የፀሐይን ምስጢር ፍለጋ አልተነሳም። ይህን ታሪክ የምወደው ለራሴ ሙያ ስለማደላ ነው።

ፕላኔት ኮከቧን ስትዞር በስበቷ ወዲህና ወዲያ ትወዘውዘዋለች። ኮከቡ ወደኛ ሲመጣ መስመሮቹ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ይሸሻሉ። ሽሽቱ ግን ኢምንት ነው። ጁፒተር እንኳ ፀሐይን የምታንቀሳቅሳት በሰከንድ 12 ሜትር ገደማ ነው። በቺሊ፣ ላ ሲያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው ሃርፕስ የተባለው መሣሪያ በሰከንድ 1 ሜትር፣ የዝግተኛ እግረኛን ፍጥነት ማለት ነው፣ ይለያል፤ በካሜራው ላይ ይህ የአንድ ፒክስል አንድ ሺህኛ ያህል ነው። ክፍሉ ጥቂት ከሞቀ ብረቱ ከዚያ አብልጦ ይለጠጣል። ስለዚህ ሃርፕስ አየር በወጣለት ጋን ታሽጎ፣ ሙቀቱ በዲግሪ አንድ መቶኛ ይጠበቃል።

እኔም አንድ ጊዜ ፕላኔት «አግኝቻለሁ»። መስመሮቹ በየሁለት ቀኑ ይመላለሱ ነበር፤ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ አዛውንት ቴክኒሺያን ግራፉን አይተው፣ «ካሜራው ናይትሮጅን የሚሞላለት መቼ መቼ ነው?» አሉኝ። «በየሁለት ቀኑ» አልኩና የገዛ መልሴን ሰማሁት። ካሜራውን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲተን ዕቃው ይቀላል፣ የተሸከመው ብረት ቀና ይላል፣ ካሜራውም አብሮት ይነሳል። የማመሳከሪያውን የቶሪየም መብራት በየምሽቱ ማብራት ሲገባኝ በሳምንት አንዴ ነበር የማበራው። ስንፍናዬን ኮከቡ ላይ ልለጥፍ!

ዲዲዬ ኬሎ እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ 51 ፔጋሲ የተባለው ኮከብ በየ4 ቀኑ ሲወዛወዝ ያየ ጊዜ ተማሪ ነበር፤ መጀመሪያ የጠረጠረውም ኤሎዲ የተባለውን መሣሪያና የራሱን ፕሮግራም ነው። ከመምህሩ ከሚሼል ማዮር ጋር ኮከቡ ወደ ሌሊቱ ሰማይ እስኪመለስ ጠብቀው፣ በ1995 ሐምሌ ደግመው አዩት። ልክ ነበር፤ ፕላኔት ነበረች።

እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ወደዚያ የምትወጡ ተማሪዎች፣ ኮከብ አሳዩን ከማለታችሁ በፊት የመሣሪያውን ክዳን ክፈቱልን በሉ።